እናታችንን ይዘን ቲቮሊ ያመሸን ዕለት

ባለፈው ክረምት እናቴንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ፣ ስዊድን ማልሞ የምትኖረውን ታናሽ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከዚያ ጉዞ አንድ ምሽት ብቻ መርጬ የምጽፈው፣ ያጋጠመን ነገር ወላጁን ይዞ ከአገር የሚወጣ ማንኛውንም ሰው ሊያጋጥመው ስለሚችል ነው። እናቴ የስኳር ሕመም አለባት። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትናገርም። ጊዜው ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነበር። ኮፐንሀገን ከተማ መሀል ባለው ጥንታዊ የመዝናኛ ስፍራ፣ በዓርብ ምሽት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጠፋችብን። ተገኝታለች፣ ደህናም ናት፤ አንባቢ እንዳይጨነቅ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ማልሞና ኮፐንሀገንን ባሕር ይለያቸዋል፤ በ2000 የተከፈተው የኦረሰንድ ድልድይ ደግሞ ያገናኛቸዋል (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባቡሩ አርባ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከኮፐንሀገን ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ የቲቮሊ አጥር ፊታችሁ ነው። ስፍራው የተከፈተው በነሐሴ ወር 1843 ነው። ያኔ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ገና አላበቃም፤ አፄ ቴዎድሮስ እስኪነግሡም ከአሥር ዓመት በላይ ይቀር ነበር። መሥራቹ ጌኦርግ ካርስቴንሰን የዴንማርክ ዲፕሎማት ልጅ ሲሆን የተወለደው እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ አልጀርስ ውስጥ ነው። ከንጉሥ ክርስቲያን ስምንተኛ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ በነበረ መሬት ላይ ስፍራውን አቋቋመው። ቅጥሩ ዛሬ የለም፤ ከተማዋም ዙሪያውን ከብባው አልፋ ሄዳለች። ከቅጥሩ ፊት ከነበረው የመከላከያ ውኃ ግን ቁራጩ ቀርቶ በግቢው ውስጥ ሐይቅ ሆኗል። ይህን ሐይቅ ልብ በሉልኝ፤ እናቴን የተውናት ከዳሩ ነው።

ቲቮሊን ያየ ሰው ሁሉ “በምሽት እዩት” ይላል፤ እውነቱን ነው። ሲመሽ በየዛፉ፣ በየጣራውና በሐይቁ ዙሪያ ያለው አምፖል ይበራል። ብርሃኑ ዓይን አይወጋም፤ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነው። ችግሩ ነሐሴ አጋማሽ ላይ እዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አነጋገር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። መብራቱን ማየት የፈለገ ሰው ሳይወድ ያመሻል። ማምሸት ደግሞ ለአዛውንት ድካም ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ የምግብና የመድኃኒት ሰዓት መዛባት ነው።

ዓርብን የመረጥነው እህቴ ከሥራ በጊዜ የምትወጣበት ቀን ስለሆነ ነው። ከ1997 ጀምሮ ግን በአውሮፓ በጋ ወራት ዓርብ ማታ በቲቮሊ ሰፊ መስክ ላይ ኮንሰርት ይደረጋል። ሙዚቃው የሚጀምረው በእኛ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሕዝቡ ግን ቦታ ለመያዝ ቀደም ብሎ ይጎርፋል። ለወጣት ይህ ትልቅ ደስታ ነው። አዛውንት ወይም ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ሌላ ቀን ምረጡ፤ ከመምረጣችሁም በፊት በዚያ ምሽት ምን ዝግጅት እንዳለ እዩ። በኮንሰርት ቀን የመግቢያ ዋጋም ከፍ ሊል ይችላል።

ስለ ቲኬት አንድ ነገር ልጨምር። የመግቢያ ቲኬትና የመጫወቻ ቲኬት ለየብቻ ነው የሚሸጡት። መግቢያው አትክልቱን፣ ሐይቁን፣ የመድረክ ትርኢቱንና ሙዚቃውን ያሳያችኋል። መጫወቻዎቹ ላይ ለመውጣት ግን ለአንድ ጊዜ ወይም ለቀኑ ሙሉ የሚያገለግል ሌላ ቲኬት ያስፈልጋል። ለእናቴ መግቢያው ብቻ በቅቷታል። አያት ይዞ ሄዶ ለሁሉም ሙሉውን የሚገዛ ቤተሰብ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

እንደገባን እናቴን ያቆማት ከዋናው በር ብዙም የማይርቀው የፓንቶሚም ቲያትር ነው። በ1874 በቻይና ሕንፃ አምሳል የተሠራ ነው፤ ንድፉም የቪልሄልም ዳሌሩፕ ነው። ተመልካቹ ሰማይ ሥር ሆኖ ያያል። መጋረጃው ጨርቅ ሳይሆን ጭራዋን የዘረጋች ትልቅ ጣዎስ፣ ፒኮክ የምንላት ወፍ ናት። ጭራዋን ስትሰበስብ መድረኩ ይገለጣል። በ1944 ናዚን የሚደግፉ ዴንማርካውያን ቲቮሊን በፈንጂ ሲያጋዩት ብዙ ሕንፃ ወድሟል፤ ይህ ቲያትር ግን ተርፎ፣ ግቢውም በሳምንታት ውስጥ እንደገና ተከፍቷል። ትርኢቱ ቃል የለውም። ፊቱን ነጭ የተቀባው ሞኙ ፒዬሮ ይወድቃል፣ ይታለላል፣ ይመታል፤ ሁሉም በእጅና በእግር እንቅስቃሴ ነው የሚነገረው። እናቴ ኤርፖርት ውስጥም፣ ሱቅ ውስጥም፣ ቴሌቪዥን ፊትም ስንት ቀን ዝም ብላ ከርማ ነበር። እዚህ ግን ከዴንማርካዊ እኩል ገባት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ያ ሳቅ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመን ያኔ ማን ያውቃል።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድን። እናቴ ዕለቱን በጾም ነበር የዋለችው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳቦና ሙዝ ቀምሳ የስኳር ክኒኗን ውጣለች። የምትወስደው ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ነው። በግቢው ውስጥ የሚሸጠው ምግብ አብዛኛው ሥጋ፣ አይብና ቅቤ ስለሆነ፣ ከተጠበሰ ድንች በቀር የቀመሰችው አልነበረም። ከዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና “እናንተ ልጅቷን አጫውቱ፤ እኔ ዳዊቴን ልድገም” አለች። ቦታው ሰላማዊ ነበር፤ ዳክዬዎች ውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ሌሎች አዛውንቶችም አጠገቧ ተቀምጠዋል። በአካባቢው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። እህቴ “ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሦስት ሰዓት ላይ እዚሁ እንመጣለን፤ ከዚህ እንዳትነሺ” አለቻት። እናቴ የእጅ ሰዓቷን አየት አድርጋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ቦርሳዋ ከባድ ስለነበር እኔ ትከሻ ላይ ቀረ። ስልኳ፣ የስኳር መለኪያዋ፣ ከረሜላዋና የእህቴ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ። ስልኩ እንኳ እጇ ላይ ቢሆን ብዙ አይረዳትም ነበር፤ የአዲስ አበባ ሲም ካርዷ እዚያ ስለማይሠራ ዋይፋይ ካልተገኘ ዝም ነው።

ልጄ ማየት የፈለገችው በ1914 የተሠራውን የእንጨት ባቡር ነበር። ሩቸባነን ይሉታል። ከውጭ ተራራ መስሎ የተሠራ ነው፤ ባቡሩ ከነመንገደኞቹ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሽቅብ ይጎተታል፣ ቁልቁል ይወረወራል። የሚገርመው ፍሬኑ ነው። በዘመናዊዎቹ ላይ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ማሽን ሲሆን፣ እዚህ ግን በእያንዳንዱ ባቡር ላይ መሀል የተቀመጠ የፍሬን ሠራተኛ አለ፤ የት እንደሚይዝና የት እንደሚለቅ የሚወስነው እሱ ነው። ልጄ “ሰውዬው ቢተኛስ?” ብላ ጠይቃ፣ ከወረድንም በኋላ ዞር ዞር እያለች ታየው ነበር። ሰልፉ እንዳልነው ረጅም ነበር። ሌላም መጫወቻ ጨምረን፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ሐይቁ ተመለስን።

ወንበሩ ላይ እናቴ የለችም።

መጀመሪያ ሌላ ወንበር መሰለን። ቦታው ተለውጦብናል፤ ስንሄድ ብርሃን ነበር፣ ስንመለስ ጨልሞ አምፖሉ ሁሉ በርቷል። ውኃው ራሱ በመብራት ተሸፍኖ ሌላ መልክ ይዟል። መንገዱን ወደ ኮንሰርቱ የሚጎርፈው ወጣት ሞልቶታል። ወንበሩ ያው መሆኑን ያረጋገጥነው ሥሩ በወደቀው የሙዝ ልጣጭ ነው። ጉልበቴ ከዳኝ። እግሬ ወደመራኝ ልሮጥ ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። “ሁላችንም ከሮጥን ማንም አያገኛትም። እኔና ልጅቷ ከዚህ አንነቃነቅም። አንድ ሰው ብቻ ይሂድ፤ ስልክህን ጮክ አድርገህ ክፈተው” አለችኝ። ከዚያ ምሽት አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነው የምለው። ሰው ሲጠፋ የመጀመሪያው ሥራ መሮጥ አይደለም። የተለያችሁበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ተክላችሁ፣ ሌላው ወደ ሠራተኛ ይሂድ። የጠፋው ሰው በደመ ነፍሱ ወደ መጀመሪያው ቦታ ሊመለስ ይችላል፤ ተመልሶ ማንንም ካጣ ሁለተኛ ጠፋ ማለት ነው።

የግቢውን የሥራ ልብስ የለበሰ አንድ ወጣት አገኘሁና በእንግሊዝኛ ነገርኩት። የመጀመሪያው ጥያቄው “ምን ለብሳለች?” የሚል ነበር። ነጠላን ለዴንማርካዊ በቃል ማስረዳት ቀላል አይደለም። እግዚአብሔር ይስጣትና ልጄ ስንገባ በር ላይ አያቷን ፎቶ አንስታት ነበር፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ሁሉም በዚያው ምሽት እንደነበረው። ሠራተኛው ፎቶውን አይቶ በመገናኛ ሬዲዮው ተናገረ፤ የእህቴን ስልክ ቁጥርም መዘገበ። የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ፤ እንደገና ሬዲዮውን አነሣ። ሕመሙን ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ነገሩ ከመጀመሪያውም ይፈጥን ነበር። እናንተ ከዚያ ጀምሩ፦ የጤና ችግሩን፣ ዕድሜውን፣ የሚናገረውን ቋንቋ፣ ከዚያ ልብሱን።

የሚያስጨንቀኝ ከግቢው መውጣቷ ነበር። መውጫው ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ ዋና ጎዳና ላይ፣ ሌላው ባቡር ጣቢያው ፊት ይከፈታል። “ወደ ልጄ ቤት በባቡር ልሂድ” ብላ ብትነሣስ? የቱ ባቡር ወዴት እንደሚሄድ ማን ይነግራታል? ያን ያህል ደቂቃ ምን እንዳሰብኩ ሁሉ መጻፍ አልችልም። ውዳሴ ማርያም እየጀመርኩ እየተወኩ፣ ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ዘሎ ይነሣ ነበር።

ስልኩ ሲጠራ እህቴ ናት። “ጣዎሷ ጋ ናት፤ ና” አለችኝ።

ቲያትሩ አጠገብ ስደርስ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ኤርትራዊት ወጣት እጇን ይዛላት ነበር። ልጅቷ እንደ እኛው ልትዝናና ከጓደኞቿ ጋር የመጣች ናት። ከሩቅ ነጠላውን አይታ “አደይ፣ ብቻዎን ነዎት?” ብላ ተጠጋቻት። በልጅነቷ አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ስለኖረች አማርኛ ትችላለች። እናቴ ላብ እንዳጠመቃትና እጇ እንደሚንቀጠቀጥ ስታይ የፖም ጭማቂ ገዝታ አጠጣቻት፤ ከዚያ ጓደኛዋን ልካ ሠራተኛ አስጠራች። ሠራተኛው የእናቴን መልክ ቀድሞ በሬዲዮ ሰምቶ ስለነበር ወዲያው ለእህቴ ደወለ። ልጅቷ ምስጋናችንን እንኳ በወጉ ሳትቀበል “እናቴ ብትሆንስ?” ብላ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። ይህን ብታነብ፣ እናታችን እስከ ዛሬ በስሟ ትጸልይላታለች።

መለኪያውን አውጥቼ ስለካ 64 አለ፤ ያውም ጭማቂው ከተጠጣ በኋላ። የመጀመሪያ ርዳታ የምትሰጠው ሴትዮ ቁጥሩን ስነግራት ግራ ተጋባች። በኋላ እንደገባን፣ እኛ አገር የስኳር መጠን የሚነገረው በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ዴንማርክና ስዊድን ግን በሚሊሞል በሊትር ነው። የእኛን ቁጥር ለ18 ስታካፍሉት የእነሱን ታገኛላችሁ፤ 64 ማለት ለእነሱ 3.6 ገደማ ነው። “3.6” ስላት ወዲያው ገባት፤ የሚሟሟ ስኳር ሰጠቻት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይታ እንድንለካም አደረገች። ከፍ አለ። ከዚያ ከቦርሳው ዳቦ አውጥተን አበላናት፤ ጣፋጩ ብቻውን ቶሎ ስለሚወርድ ከበላዩ ምግብ ያስፈልጋል። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ አሥራ አምስት ግራም ያህል ፈጣን ስኳር መስጠት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት፣ ካልተነሣ መድገም ነው። ሰውየው መዋጥ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ 112 ደውሉ። ይህ ቁጥር በዴንማርክም በስዊድንም፣ በመላው የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ያው ነው።

አሁን ለምን ተነሥታ እንደሄደች። ትንፋሿ ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረችው “ሦስት ሰዓት አላላችሁኝም? እኔ እስከ ሦስት ተኩል ጠብቄያችኋለሁ” የሚል ነው። የእጅ ሰዓቷን አየሁት። አራት ሰዓት አልፎበታል። ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ አልነካችውም፤ በአውሮፓ በጋ ኮፐንሀገን ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛ ሰዓት ተኩል ተቀመጪ ያልናት ሲመስለን፣ እሷ የሰማችው ግማሽ ሰዓት ነው። በእሷ ሰዓት ሦስት ሲሞላ አልመጣንም፤ ሦስት ተኩልም ሲሆን አልመጣንም። ከእንጨት ባቡሩ በኩል ጩኸት ይሰማታል። “ልጅቷ ከዚያ ነገር ላይ ወድቃ ይሆናል ብዬ ነው የተነሣሁት” አለች። ጩኸቱን ተከትላ ስትሄድ መሸ፤ መብራቱ ሲበራ የመጣችበት መንገድ ጠፋት። እግሯ መብረክረክ ሲጀምር የጣዎሷን ጭራ ከሩቅ አየች። “የሳቅኩበት ቦታ ነው፤ ልጆችና ሽማግሌዎችም ተቀምጠውበታል፤ እዚያ ሆኜ ልጠብቅ አልኩ” አለችን። ከሁላችን ይልቅ ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው እሷ ናት፤ ብርሃን ያለበት፣ ቤተሰብ የተሰበሰበበት፣ የምታውቀው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

እንግዲህ አዛውንት ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ የምታመሹ ከሆነ፣ የመገናኛ ቦታ ስትመርጡ “በጨለማም ይታወቃል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። ዛፍ፣ ወንበር፣ የሐይቅ ዳር ሁሉ ሲመሽ መልኩን ይለውጣል። ሲገቡ አብራችሁ ያያችሁት፣ የሳቃችሁበት፣ መብራት ያለው ሕንፃ ይሻላል። በቲቮሊ ከሆነ የጣዎሷን ቲያትር የሚያህል የለም። ሰማንያ ሜትር ከፍታ ያለው የሚሽከረከር ዥዋዥዌ ከብዙ አቅጣጫ ይታያል፤ ሥሩ ግን ሕዝብ ስለሚበዛ ለመጠበቂያ አይመችም። መገናኛውን በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ይዛችኋቸው ሂዱና “እዚህ” ብላችሁ አሳዩአቸው።

መድኃኒት፣ ጣፋጭ ነገርና የስልክ ቁጥር ከሕመምተኛው አካል መለየት የለባቸውም። ቦርሳው ከከበደ ቦርሳውን ተሸከሙላቸው፤ እነዚህ ሦስቱ ግን ወደ ኪሳቸው ወይም አንገታቸው ላይ ወደሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ይግቡ። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛም ስም፣ የሕመም ዓይነት፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ከነአገር መለያው የተሟላ ስልክ ቁጥር ጻፉ። በስዊድን 46፣ በዴንማርክ 45 ከፊት መደመር አለበት፤ ድንበር ተሻግራችሁ ስትሄዱ ያለዚያ ላይሠራ ይችላል። ርካሽ የአካባቢ ሲም ካርድ ገዝቶ ስልካቸው ውስጥ መክተት ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ እኛም በነጋታው ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ስለ ጾም ስናገር በጥንቃቄ ነው። እናቴ ጾም ፍቅሯ ነው፤ በዚህ ነገር የምትከራከረው ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሕመምተኛን በሕመሙ ልክ ታስተናግዳለች፤ የሚጠየቀው የንስሐ አባት ነው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ሐኪም። ሁለቱን ከመጓዛችሁ በፊት፣ እዚሁ አገር ቤት ሳላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙን “በጾም ጊዜ ክኒኑ በስንት ሰዓት ይወሰድ? ምግቡ ካነሰ መጠኑ ይቀነስ ወይ?” በሉት። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች ምግብ ባይገባም ስኳርን ማውረዳቸውን አይተውም። ከተመለስን በኋላ የእናቴ ሐኪም መድኃኒቷን ለውጦላታል፤ የንስሐ አባቷም ማልዳ እንድትቀምስ አዘዋታል፤ እያዘነችም ቢሆን ታዛለች። ለጉዞው ደግሞ የጾም ምግብ ከቤት ቋጥራችሁ ሂዱ። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቴምር፣ ብርቱካን ኪስ ውስጥ ካለ የግቢው ምግብ ቤት ምን እንደሚሸጥ አያሳስባችሁም።

ወደ ማልሞ የተመለስነው ኮንሰርቱ ሳይጀምር ነው። ከዴንማርክ ወደ ስዊድን ስትሻገሩ ፖሊስ ባቡሩ ላይ መታወቂያ ሊጠይቅ ስለሚችል ፓስፖርታችሁን ቤት አትተዉ። የአጭር ጊዜ ቪዛ የያዘ አዛውንት ፓስፖርቱን ከያዘው ልጁ ጋር አንድ ፉርጎ ውስጥ ይቀመጥ።

በነጋታው እህቴ የእናቴን ሰዓት ወደ ኋላ ልትመልስ ብትጠይቃት “አይነካም” አለች። ምክንያቷን ያወቅነው ያኔ ነው። በፍልሰታ ደብሯ ቅዳሴ ሲገባ፣ ጎረቤቶቿ ለጸሎት ሲነሡ፣ እሷም ማልሞ ሆና አብራ ትነሣለች፤ ሰዓቱን የጠበቀችው ለዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ አልለመንናትም። ቀጠሮ ስንይዝ ሁለቱንም ሰዓት ጮክ ብለን መናገር፣ ወረቀት ላይም መጻፍ ጀመርን። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጸጥ ባለው ሰዓት ቲቮሊን በድጋሚ ስናይ ልጄ ለአያቷ የጻፈችላት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ “ከጣዎሷ ፊት። በእኛ ሰዓት 11፡00፣ በእማማ ሰዓት 12፡00።” ሁላችንም በሰዓቱ ተገኘን።